ወንድሜ ሥራ ሊገዛልኝ ነው

የአንባቢ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበቱ? የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። በ2016 ዓ.ም. በአካውንቲንግ ተመርቄያለሁ። የመውጫ ፈተናውንም በአንድ ጊዜ ነው ያለፍኩት። ከዚያ ወዲህ ግን እቤት ነኝ። ሲቪ ያላስገባሁበት ቦታ የለም፤ ባንክ፣ ፋብሪካ፣ ወረዳ፣ ኤንጂኦ። ሁለት ቦታ ለጽሑፍ ፈተና ተጠራሁ። አንዱ ላይ ለኢንተርቪው ደረስኩ። ከዚያ ጭጭ አሉ።

ወንድሜ በ2 ዓመት ታናሼ ነው። የ2014ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ሳያልፍ ሲቀር ብየዳ ቤት ገባ። እኔ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ የኪስ ገንዘብ የሚልክልኝ እሱ ነበር። አሁን ከጓደኛው ጋር ትንሽ ሼድ ተከራይተው የብረት በርና መስኮት ይሠራሉ። የቤታችንን ኪራይ የሚከፍለው እሱ ነው። እናቴ እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች። ሳሎን ውስጥ በገዋን የተነሳሁት ፎቶ ተሰቅሏል። እንግዳ ሲመጣ ወደዚያ ማየት ያሳፍረኛል።

ሰሞኑን ጎረቤታችን አንድ ጉዳይ ገዳይ አገናኘችን። 120,000 ብር ከተከፈለው አንድ መሥሪያ ቤት ሂሳብ ክፍል ያስገባኛል። ግማሹ አስቀድሞ ነው የሚከፈለው። እናቴ «ዘመኑ ነው፣ ሁሉም የገባው እንዲሁ ነው» ትላለች። ወንድሜ ለጄኔሬተር ያጠራቀመው ብር አለው፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራ ፈትተው ስለሚውሉ ነው ሲያጠራቅም የቆየው። እሱን ልስጥሽ አለኝ። «አንቺ ከገባሽ ሁላችንም ወጣን» ነው የሚለው።

ሌላም ነገር አለ። ከወር በፊት «እስከዚያ እኛ ጋ ነይና ሂሳቡን ያዢልን» ብሎኝ ነበር። ተናድጄ «4 ዓመት የተማርኩት ለብየዳ ቤት ነው?» አልኩት። ዝም አለኝ። በኋላ ምሳ ላደርስለት ሄጄ የሚጽፍበትን ደብተር አየሁት። ለአንድ ደንበኛ መስኮት ዋጋ ሲተምን የያዘው የብረቱን ብቻ ነው። ዲስኩ የለም፣ ኤሌክትሮዱ የለም፣ ብረቱ የመጣበት የባጃጅ ሂሳብ እንኳ የለም። ልነግረው አስቤ ከዚያ ንግግሬ በኋላ አፈርኩ።

ገንዘቡን ልቀበለው? ያ ሁሉ ዓመት የተማርኩትስ ምን ጠቀመኝ? መልስዎን እጠብቃለሁ።

ከደብረ ብርሃን

መልስ

እህቴ፣ ጉዳይ ገዳዩ መልስ ስለሚጠብቅ ከገንዘቡ ልጀምር። አትክፈሉ። ግማሹንም ቢሆን።

እናትሽ «ዘመኑ ነው» ያሉት ክፉ አስበው አይደለም። ሥራ ሰው በሰው ሲገባ አይተዋል፤ እኔም አይቻለሁ። የለም ብዬ አልከራከርሽም። ግን የጉዳይ ገዳይን አሠራር እስቲ ጠጋ ብለሽ እዪው። አንድ ክፍት ቦታ ሲወጣ ለአምስት ለስድስት ሰው «ያለቀ ነገር ነው» ይላል። ከሁሉም ቅድሚያ ይቀበላል። ከመካከላቸው አንዷ ተፈትና በራሷ ውጤት ስታልፍ «እኔ ነኝ ያስገባኋት» ብሎ ቀሪውን ይጠይቃል። ያላለፉትን «ኃላፊው ተቀየረ፣ ትንሽ ታገሡ» እያለ ያጉላላቸዋል። አንድ ቀን ስልኩ አይነሳም። ደረሰኝ የለ፣ ውል የለ። መክሰስም አይታሰብም፤ በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ጉቦ የሰጠም እንደተቀበለው ይጠየቃል። ሰውየውም የሚተማመነው በዚሁ ነው።

እሺ፣ ቃሉን ጠብቆ አስገባሽ እንበል። ከመስከረም 2018 ወዲህ በዲግሪ የሚጀምር የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ነው። 120,000 ብር ማለት ምንም ያልተቆረጠለት የ10 ወር ደመወዝ አልፎ ነው። ግብሩ፣ ጡረታው፣ ትራንስፖርቱ፣ ምሳው ሲወጣለት የወንድምሽን ብር መልሰሽ ለመጨረስ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ አንቺው አስዪው። ሙያሽ ነው። ደግሞ የምትገቢው ሂሳብ ክፍል ነው። ያስገባሽ ሰው በሦስተኛው ወር አንድ ቫውቸር ይዞ መጥቶ «ፈርሚልኝ» ቢልሽ ምን ትይዋለሽ? እንዴት እንደገባሽ የሚያውቅ ሰው ፊት እምቢ ማለት ይከብዳል።

ያ ብር ደግሞ ዝም ብሎ የተቀመጠ ብር አይደለም። የቤታችሁ ኪራይ የሚከፈለው ከብየዳው ነው። መብራት ሲጠፋ ብየዳው ይቆማል። ስለዚህ ጄኔሬተሩ የሦስታችሁም ነው። እሱን ለጉዳይ ገዳይ መስጠት የጎተራን እህል አውጥቶ ሎተሪ እንደመቁረጥ ነው የታየኝ።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። «አንቺ ከገባሽ ሁላችንም ወጣን» ያለው ከልቡ አምኖበት ነው ወይስ እናታችሁ ሲጨነቁ አላስችለው ብሎ? እናትሽ በሌሉበት፣ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ ጠይቂው። ጄኔሬተሩን ቢገዛ በወር ስንት ተጨማሪ ሥራ እንደሚያወጣ እንዲነግርሽም አድርጊ። ይህን ሲናገር ፊቱን እዪ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ልለፍ። እናትሽ ልጅ በነበሩበት ዘመን ዩኒቨርሲቲ የጨረሰን ሰው መንግሥት ራሱ ነበር ሥራ የሚመድበው። ተመራቂው በጣት የሚቆጠር ነበር። ሳሎን የተሰቀለው ፎቶ ለሳቸው ያንን ዘመን ነው የሚያሳያቸው። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። አካውንቲንግ ደግሞ በቀኑም፣ በማታውም፣ በርቀቱም፣ በግል ኮሌጁም ይሰጣል። ስለዚህ «የሥራ ልምድ 0 ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ቴሌግራም ላይ ሲለቀቅ ምን እንደሚሆን አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ማታ ተለጥፎ ጠዋት ሰዉ ሞልቶበታል።

ይህ ስላንቺ ስንፍና የሚናገረው ነገር የለም። የመውጫ ፈተናው በአገር አቀፍ ደረጃ በ2015 ዓ.ም. ሲጀመር ያለፉት ከ10 ተፈታኞች 4 ያህሉ ነበሩ። አንቺ በአንድ ጊዜ አልፈሻል። ሁለቴ ለጽሑፍ ፈተና ተጠርተሻል፣ አንዴ ኢንተርቪው ደርሰሻል። በሩ ድረስ ደርሰሻል ማለት ነው።

ስለ ወንድምሽም አንድ ነገር ልበል። የተፈተነው የ2014ን ነው። በዚያ ዙር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ100 ተፈታኞች 3 ገደማ ብቻ ነበሩ። አብረውት ከተቀመጡት አብዛኞቹ እንደሱ ቀርተዋል። ልዩነቱ እሱ በማግስቱ ብየዳ ቤት መግባቱ ነው።

እዚህ ላይ ቲክቶክ ላይ የሚዞረው «ዲግሪ ወረቀት ነው፣ ሙያ ይሻላል» የሚለው ወሬ ያናድደኛል። የሚናገሩት የተሳካላቸው ናቸው። ጋራዥ ገብቶ ለዓመታት ቁልፍ እያቀበለ በምሳ ብር የሚኖር ልጅ ቪዲዮ አይሠራም። ፀጉር ቤት ስትጠርግ ዓመቷን ጨርሳ መቀስ ያልጨበጠችውም እንዲሁ። ወንድምሽም ቢሆን ጡረታ የሚቆረጥለት ሠራተኛ አይደለም። ዓይኑ በብየዳ ብርሃን የታመመ ቀን ገቢ የለም። የብረት ዋጋ ሲጨምር ቀድሞ የተዋዋለው ሥራ ኪሳራ ይሆንበታል። የሱ ሥራ ከታች ሆኖ ሲያዩት የተመቸ ይመስላል እንጂ እሱም ገመድ ላይ ነው የሚራመደው።

ታዲያ እሱ ሥራ አግኝቶ አንቺ ያጣሽው ለምንድን ነው? እንደሚመስለኝ አንድ ሰው ብየዳ ቤቱ አስገብቶ እስኪለምድ ድረስ ታግሦታል። ሲያበላሽ አይቶታል፣ ሲያስተካክልም አይቶታል። በኋላ «ይህ ልጅ ይችላል» ብሎ የመሰከረለት ይኖራል። አንቺን እስካሁን ሲሠራ ያየሽ የለም። ማርክሽን ነው ያዩት። የጎደለሽ ይኼ ነው፣ ይኼን ደግሞ በ120,000 ብር አትገዢውም።

አሁን ወደ ደብተሩ እንምጣ። ከደብዳቤሽ ሁሉ ደግሜ ያነበብኩት ይህን ክፍል ነው። ምሳ ለማድረስ ሄደሽ፣ ቆመሽ፣ በአንድ እይታ ዲስኩና ኤሌክትሮዱ እንደቀሩ አይተሻል። ወንድምሽና ጓደኛው ስንት ጊዜ ሲሠሩ አላዩትም። ልቀጥልልሽ፦ ዝገት መከላከያው አንቲረስትና ቀለሙ ተይዟል? ማጠፊያውና ቁልፉስ? ላሜራው ሲቆረጥ የሚተርፈው ቁርጥራጭ በማን ሂሳብ ነው የሚወድቀው? የሼዱ ኪራይ ለእያንዳንዱ ሥራ ስንት ይደርሰዋል? የሁለቱ የራሳቸው ጉልበትስ ዋጋ አለው ወይስ የተረፈችውን ተካፍለው ነው የሚገቡት? ቀብድ ከፍሎ ዕቃውን ከወሰደ በኋላ የጠፋ ደንበኛ ስንት አለ?

ሌላ ደግሞ አለ። ትምህርት ቤት ዴስክ ሲያሠራ፣ ፋብሪካ አጥርና መደርደሪያ ሲያሠራ ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ይሰበስባል። ንግድ ፈቃድ፣ ቲን፣ ደረሰኝ፣ የግብር ክሊራንስ ይጠይቃል። ደብረ ብርሃን ደግሞ የፋብሪካ ከተማ ናት። ብዙ ጎበዝ በያጅ ከእንዲህ ያለው ሥራ የሚቀረው እጁ አንሶት አይደለም፤ ወረቀቱን የሚያሰናዳለት አጥቶ ነው። እነ ወንድምሽ እስካሁን ፕሮፎርማ አስገብተው ያውቁ እንደሆን ጠይቂ።

«ስለዚህ ብየዳ ቤት ግቢና አርፈሽ ተቀመጪ» ልልሽ አይደለም። ከቤተሰብ ጋር መሥራት የራሱ ጣጣ አለው። ጓደኛውን እናስብ፤ ሼዱ የሁለቱ ነው። እሱ ሳይጠየቅ እህት መጥታ ደብተር ስትይዝ «ሊቆጣጠሩኝ ነው» ብሎ ሊያስብ ይችላል፣ አይፈረድበትም። ስለዚህ መጀመሪያ ከሱ ጋር ሦስታችሁ ተቀመጡ። ደሞዝሽም ትንሽ ይሁን እንጂ ቁርጥ ያለ ይሁን። «ሲገኝ እንሰጥሻለን» ካሉሽ አትጀምሪ፤ ሁለት ወር ሳይሞላ ትኮራረፋላችሁ። ሙሉ ቀን የሚያውል ሥራ ያለ አይመስለኝም። በሳምንት ሁለት ሦስት ግማሽ ቀን ይበቃል።

ይህን ነገር ደግሞ በሕጉ መንገድ አድርጉት። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ማስታወቂያ ሥር የሚጻፈውን አይተሻል፤ ከግል ድርጅት የሚቀርብ የሥራ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት እንዲሆን ይጠይቃሉ። የደመወዝ መዝገብ ላይ ስምሽ ይግባ። በአሁኑ ሕግ በወር እስከ 2,000 ብር ያለ ደመወዝ የሥራ ግብር የለበትም፤ ያንቺ ከዚያ ከፍ ቢል የተከፈለበት ማስረጃ ይኖርሻል። ጡረታም አለ፣ ካንቺ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ። ለነሱ ወጪ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ስሌቱን የምታሳያቸው አንቺ ነሽ፣ ዋጋ ትመናውን ብቻ ብታስተካክዪ ከየት እንደሚመጣ ይታያቸዋል። ወደኋላ ቀን የተጻፈ የልምድ ደብዳቤ ግን አታስጽፊ። ያልሠራሽበትን ወር ማስረዳት የሚያስፈልግ ቀን ይመጣል።

ለቀሩት ቀናት ሌላ በር አለ። በየከተማው ለነጋዴዎች ሂሳብ የሚይዙ፣ በየወሩ ቫትና ዊዝሆልዲንግ (ተቀናሽ ግብር) የሚያሳውቁላቸው የሂሳብ ባለሙያዎች አሉ። አንዱ ሰው የብዙ ሱቅና ድርጅት ፋይል ይይዛል። ሰኔ 30 በጀት ዓመቱ ተዘግቶ ሐምሌ ሲገባ ደግሞ ራሳቸውን ማከኪያ ጊዜ የላቸውም። ከዚያ ሰሞን በፊት ሄደሽ አናግሪያቸው። ሲቪ ጠረጴዛ ላይ ጥለሽ አትውጪ፤ «ደረሰኝ ልለይላችሁ፣ ፒችትሪ (የሂሳብ ሶፍትዌሩ) ላይ ልመዝግብላችሁ» በያቸው። የፒችትሪ ኮርስ ሰርተፊኬት ብቻውን ብዙ አያሻግርም። የአንድን ሱቅ የሦስት ወር ደረሰኝ ራስሽ አስገብተሽ ካስታረቅሽ ግን ኢንተርቪው ላይ የምታወሪው ታገኛለሽ። «በነጻ ተለማመጂ» ካሉሽ እምቢ አትበዪ፣ መጨረሻውን ግን አስቀድመሽ ተነጋገሪ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (1156/2011) የሙከራ ጊዜ እንኳ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። አንቺም ከዚያ አታሳልፊው።

ማመልከቱን አታቁሚ፤ ግን አካሄድሽን ቀይሪ። በየቀኑ ቴሌግራም ላይ አፍጥጦ መዋል ሰውን ያደክማል፣ ተስፋም ያስቆርጣል። በሳምንት ሁለት ቀን ወስነሽ እነዚያን ቀናት ብቻ አመልክቺ። ኢንተርቪው ያደረሰሽ ቦታ በአካል ሄደሽ የሰው ሀብት ክፍሉን ጠይቂ። ተጠባባቂ ተይዘሽ ይሆናል፣ ላይሆንም ይችላል። መጠየቅ ነውር የለውም። ደግሞ «አካውንታንት» የሚል ብቻ አትፈልጊ። ካሸር፣ ስቶር ኪፐር፣ የግዥ ሠራተኛ የሚሉትንም እዪ። ፋብሪካ ውስጥ ስቶር የያዘ ሰው የሂሳብ ክፍሉን በር በየቀኑ ነው የሚያንኳኳው። ማስተርስ ልቀጥል የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ለጊዜው አቆዪው። ልምድ ሳይኖር ሰልፉን አያሳጥርልሽም፣ ከፋዩም ያው ወንድምሽ ነው።

ቀሪው ነገር ወንድምሽን ያስከፋሽበት ንግግር ነው። «ለብየዳ ቤት ነው?» ያልሽው። ስትጽፊው አሁንም እንደሚያምሽ ያስታውቃል። ረጅም ይቅርታ አያስፈልገውም፤ ወንዶች ወንድሞች በረጅም ይቅርታ ይጨነቃሉ። «ያን ቀን የተናገርኩት ልክ አልነበረም። ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ብርህን አልወስድም፣ ጄኔሬተሩን ግዛበት። ደብተርህን ግን አይቼዋለሁ፣ እየከሰርክ ነው፣ ከፈቀድክ ላሳይህ» በይው። ሊቆጣ ይችላል። «እየከሰርክ ነው» የሚለውን ማንም አይወደውም። በዚያኑ ቀን አትጫኚው።

ለእናትሽ ደግሞ እምቢታሽን ከሌላ ነገር ጋር አብረሽ ንገሪያቸው። «አልከፍልም» ብቻ ከሆነ ልጄ ተስፋ ቆረጠች ብለው ነው የሚያስቡት። «ሰኞና ረቡዕ ከወንድሜ ጋር ነኝ፣ ሐሙስ የሂሳብ ቢሮ እሄዳለሁ፣ ደሞዝ አለኝ» ስትያቸው ይለያል። እንጀራ ሲሸጡ «ልጅሽ ሥራ ያዘች?» ለሚሏቸው ሰዎች የሚመልሱት ነገር ይፈልጋሉ። ያን መልስ ስጫቸው። ስንት ዓመት ይህን ጥያቄ ብቻቸውን እንደተሸከሙት አስበሽ ታውቂያለሽ?

ለራስሽም ጠይቂ፦ ቢሮ መግባት ስትመኚ የምትመኚው ሥራውን ነው ወይስ ሰው «የት ነው የምትሠሪው?» ሲልሽ የምትጠሪውን ስም? ሁለቱንም መፈለግ ይቻላል፣ ኃጢአት አይደለም። ግን የትኛው እንደሚበልጥብሽ ብታውቂ ስድስት ወር ቆይተሽ ሌላ ምርጫ ሲመጣ አትደናገሪም። ስድስት ወር ያልኩት በምክንያት ነው። እስከዚያ ይህን ሞክሪና እዪው። ካልሠራ ጻፊልኝ፣ ሌላ እንመክራለን።

በዚህ ሳምንት ሁለት ነገር ብቻ አድርጊ። ለጉዳይ ገዳዩ ራስሽ ደውለሽ «ቀርቷል» በዪው፤ እናትሽ ወይም ወንድምሽ እንዲደውሉ አታድርጊ፣ ያባብላቸዋል። «ቦታው ሊሞላ ነው፣ ዛሬ ካልሆነ» ይልሻል። ይበል። ከዚያ ወንድምሽ ከተስማማ አዲስ ትዕዛዝ ሲመጣ ደንበኛው ዋጋ ከመስማቱ በፊት አንድ ማታ ቁጭ ብላችሁ አብራችሁ ተምኑት፣ ከዲስኩ ጀምራችሁ።